ለመበለቷ የተዘፈነው ዜማ

ቅዳሜ ማምሻውን፣ ሊቨርፑል በሜዳው በሚጫወትበት ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ወደሚያሳይ ካፌ የገባ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጫጫታው ይረግባል። አስተናጋጁ ማኪያቶውን በእጁ እንደያዘ ዐይኑን ወደ ስክሪኑ ይልካል። ካሜራው የሊቨርፑል ሜዳ በሆነው አንፊልድ ኮፕ ወደሚባለው ትሪቡን ዞሯል፤ ሺዎች ቀይ ስካርፋቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ከራሳቸው በላይ ይዘዋል፤ ዘፈኑ ተጀምሯል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ባለ ቀይ ማሊያዎች አብረው ያንጎራጉራሉ። እንግሊዝኛው የማይሆንለት እንኳ ዜማው የት ላይ ከፍ እንደሚል ያውቃል፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ድምፁን ይጨምራል።

ዘፈኑ "ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን" ነው፤ ብቻህን አትጓዝም እንደማለት። አብዛኛው ሰው የሊቨርፑል መዝሙር አድርጎ ያውቀዋል። ነገር ግን ለኳስ አልተጻፈም፤ የተወለደውም እንግሊዝ አገር አይደለም። የተጻፈው ለኒው ዮርክ የቲያትር መድረክ ነው። በታሪኩ ውስጥ መጀመሪያ የሚዘፈነውም ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሆና ባሏ ለሞተባት ሴት።

ከሙዚቃዊ ተውኔት የወጣ ዜማ መጋረጃው ከወረደ በኋላ ለምን ከሰው ጋር ወደ ቤት እንደሚሄድ፣ ለምንስ ከዓመታት በኋላ የዛለን ሰው ቀና እንደሚያደርግ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ከዚህ ዘፈን ታሪክ የተሻለ አላውቅም። ብዙዎች ምሥጢሩን ዜማው ለጆሮ መጣፈጡ ላይ ይፈልጉታል። እኔ ግን ሌላ ቦታ ላይ አየዋለሁ። ይህ ዘፈን ከመጀመሪያው የተሠራው አንዱ መጨረስ ሲያቅተው ሌላው ተቀብሎ እንዲጨርሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ፣ መድረክ ላይ አንድ ጊዜ የታየው ነገር በሰፊው መደገሙ ነው።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1945 ነበር (ከዚህ በታች ያሉትም ቀኖች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በኒው ዮርክ 44ኛ ጎዳና በሚገኘው ማጀስቲክ ቲያትር "ካሩሰል" የተባለ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በብሮድዌይ ሊታይ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ካረፉ ገና ሳምንታቸው ነው። አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ አላበቃም፤ በፓስፊክ ደግሞ የኦኪናዋ ውጊያ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ልጇን ወይም ወንድሟን ግንባር ልካ ደብዳቤ የምትጠብቅ ሴት በዚያ ዘመን በየቤቱ ነበረች፤ ቲያትር ቤትም ስትገባ ጭንቀቷን ይዛ ነው የምትገባው።

የዜማው ደራሲ ሪቻርድ ሮጀርስ በዚያ ምሽት ወገቡን ታሞ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ነበር። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ከቲያትር ቤቱ አንድ ጥግ ሆኖ ይከታተላል። መድረኩን በከፊል እንጂ በሙሉ አያይም፤ የተመልካቹም ምላሽ ጥርት ብሎ አይደርሰውም። ሥራው የወደቀ መሰለው። ወዳጆቹ መጥተው እስኪያመሰግኑት ድረስ አዳራሹ ምን ያህል እንደተነካ አላወቀም።

የግጥሙና የተውኔቱ ጸሐፊ ኦስካር ሀመርስታይን ነው። ሁለቱ ከሁለት ዓመት በፊት "ኦክላሆማ!" የተባለውን ሥራ አቅርበው ዝናቸው ገንኖ ነበር፤ በዚያችም ምሽት "ኦክላሆማ!" እዚያው 44ኛ ጎዳና ላይ በሴንት ጄምስ ቲያትር ገና እየታየ ነው። አሠራራቸው ቋሚ ነበር። ሀመርስታይን ፔንሲልቬንያ ባለው የእርሻ ቤቱ ግጥሙን ቃል በቃል እየመዘነ ይጽፋል፤ ከዚያ ለሮጀርስ ይሰጠዋል፤ ዜማው ኋላ ይመጣል። ይህ ተራ የሥራ ድልድል ሊመስል ይችላል። ለዚህ ዘፈን ግን ብዙ ወስኗል፤ ዜማው ከንግግር ተነሥቶ ወደ መዝሙር የሚያድገው መጀመሪያ ንግግር ስለነበረ ነው።

"ካሩሰል" የተቀዳው ፌሬንጽ ሞልናር የተባለ የሃንጋሪ ጸሐፊ በ1909 ቡዳፔስት ላይ ካሳየው "ሊሊዮም" ከተባለ ተውኔት ነው። ታላቁ የኦፔራ ደራሲ ፑቺኒ ወደ ኦፔራ ልለውጠው ብሎ ጠይቆ ሞልናር እምቢ እንዳለው ይነገራል። ለሮጀርስና ለሀመርስታይን ግን ፈቀደ። ሀመርስታይን ታሪኩን ከቡዳፔስት አንሥቶ በአሜሪካ የሜይን ግዛት የባሕር ዳርቻ፣ በ1873 ላይ አስቀመጠው። ቢሊ ቢግሎ የእንጨት ፈረሶች በሚሽከረከሩበት መጫወቻ ላይ ደንበኛ የሚጠራ ጎረምሳ ነው። ጁሊ ጆርዳን የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ሥራቸውን ያጣሉ፤ ይጋባሉ። ቢሊ ሚስቱ ማርገዟን ሲሰማ ለልጁ ገንዘብ ላግኝ ብሎ ዝርፊያ ውስጥ ይገባል። ዝርፊያው ሲከሽፍ በገዛ ቢላዋው ይሞታል።

ቢሊ ሚስቱን መቷታል። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ "ካሩሰል" መጻፍ አይቻልም። ተውኔቱ ጥፋቱን አይደብቅም፤ ሆኖም ይቅርታውን በቀላሉ ይሰጠዋል፤ የጁሊም ትዕግሥት ዛሬ ለሚያይ ሰው የሚያም ነው። በ2018 ብሮድዌይ ላይ እንደገና ሲታይ ይኸው ጉዳይ ብዙ አከራክሯል፤ ተገቢም ነው። ዘፈኑን ስወደው ይህን ረስቼ አይደለም። የሚዘፈነው ለቢሊ አይደለም፤ ከኋላ ለቀረችው ነው።

ያች ሰዓት እንዲህ ናት። ቢሊ ሞቷል። ጁሊ አስከሬኑ አጠገብ ናት። ኔቲ የምትባለው ዘመዷ ትመጣለች፤ በዕድሜ የምትበልጣት፣ ቤቷ የአካባቢው ሰው የሚሰበሰብበትና የሚመገብበት የሆነ ሴት ናት። ኔቲ በአንድ ወቅት ጁሊ በስጦታ የሰጠቻትን ጥልፍ ታስታውሳታለች፤ ጥልፉ ላይ የማበረታቻ ቃል ተጽፎበታል። ምን ይል ነበር ብላ ትጠይቃታለች። ጁሊ ቃሉን ማለት ትጀምራለች፤ ዕንባ ይቀድማታል፤ መቀጠል ያቅታታል። ኔቲ ካቆመችበት ትቀበላትና ትዘፍናለች።

ለቅሶ ደራሽ መካከል ላደገ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሐዘንተኛዋ ድምፅዋ ሲቆረጥ አጠገቧ ያለችው ትቀበላለች፤ ልቅሶው አይቋረጥም። ሀመርስታይን ያደረገው ይህንኑ ነው። ዘፈኑ ገና ከመጀመሪያው ቃሉ ሁለት ሰዎች የሚካፈሉት ሆነ።

በ1945 የኔቲን ቦታ የተጫወተችው ከሜትሮፖሊታን ኦፔራ የመጣችው ክሪስቲን ጆንሰን ናት። የዘፈን ደራሲው ኧርቪንግ በርሊን ዘፈኑን ሰምቶ በእሱ ላይ የሠራው ሥራ የእረኛው መዝሙር፣ ማለትም በእኛ ዳዊት 22ኛው መዝሙር፣ ከሚሠራው ጋር አንድ እንደሆነ ተናግሯል። ዘፋኙ ሜል ቶርሜ ደግሞ ለሮጀርስ ዘፈኑ እንዳስለቀሰው ሲነግረው፣ ሮጀርስ ማልቀስህማ የታሰበበት ነው የሚል መልስ እንደሰጠው ይተረካል። መልሱ ኩራት ይመስላል፤ ለእኔ ግን የባለሙያ ሐቅ ነው። ዕንባው የመጣው በሥራ ነው፤ ሥራውም ሊታይ ይችላል።

ዜማው ከድምፅ ዝቅተኛው ስፍራ ይነሣል፤ ለመዘመር ሳይሆን ቀስ ብሎ ለመናገር በሚመች ቦታ። እርምጃው ዝግ ያለ ነው። በየሐረጉ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል፤ ከሥሩ ያሉት ኮርዶችም እየተለወጡ አብረው ይገፉታል፤ የትም ቦታ ደርሶ አያርፍም። አዝማች የለውም። አብዛኛው ተወዳጅ ዘፈን ምርጡን ቁራጭ አዝማች አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። ይህ ግን ርዕሱ የሆነችውን ቃል እስከ መጨረሻው ይደብቃታል። ቃሉ ስለ ማዕበል፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ ንፋስና ዝናብ ያወራል፤ ዐውሎ ነፋሱ የለም አይልም፤ ቶሎ ያልፋል ብሎም አያባብልም፤ በመካከሉ ሂዱ ይላል። ርዕሱ ሲመጣ ድምፁ ሊወጣ የሚችለው ከፍታ ላይ ደርሷል፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ያበቃል።

ሳይንስ ይህን በከፊል ያስረዳል። በ2011 በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሰውነትን የሚነዝር ሙዚቃ የሚያዳምጡ ሰዎችን አንጎል መርምረው ነበር። ደስታንና ጉጉትን የሚያስተላልፈው ዶፓሚን የሚለቀቀው ሙዚቃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ አልነበረም። ጫፉ ሊመጣ ነው ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜም፣ በሌላ የአንጎል ክፍል፣ ይለቀቃል። መጠበቁ ራሱ ደስታ ነው። አሁን ዘፈኑን መልሰን እንየው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ረጅም ጥበቃ ነው። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ያለው ወጣት ከፍ የሚልባትን ቦታ ቀድሞ ማወቁ ደስታውን አይቀንሰውም፤ የሚሠራው እንዲያውም ስለሚያውቃት ነው።

ሙዚቃዊ ተውኔት ደግሞ ለዚህ የራሱ ብልሃት አለው። ተመልካች አንድ ምሽት ብቻ ነው የሚመጣው፤ በዚያች ምሽት ዜማውን ተምሮ መውጣት አለበት። ስለዚህ በልማዱ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ኦርኬስትራው የሚመጡትን ዜማዎች ቀንጨብ ቀንጨብ አድርጎ ያሰማል፤ በኋላም ዋናው ዘፈን በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ሰው አፍ ይመለሳል። ሮጀርስ በ"ካሩሰል" የመጀመሪያውን ልማድ ጣለው። ሰው ወንበሩን እየፈለገ፣ እያወራ ስለሚያባክነው አይወደውም ነበር፤ በምትኩ መጋረጃው ገና ሲገለጥ በቫልስ ዜማ የታጀበ፣ ቃል የሌለው የመጫወቻ ሜዳ ትዕይንት አስገባ። ሁለተኛውን ልማድ ግን ያዘው፤ የተውኔቱም መደምደሚያ አደረገው።

በታሪኩ 15 ዓመት ያልፋል። ቢሊ ከሰማይ ለአንድ ቀን እንዲመለስ ይፈቀድለታል። ሳያያት የሞተው ልጁ ሉዊዝ አድጋለች፤ በአባቷ ምክንያት የሚያገልሏት ብቸኛ ልጅ ናት። የምረቃዋ ቀን ነው። የከተማው ሰው ተሰብስቦ ያንኑ ዘፈን ይጀምራል። ቢሊ ለማንም ሳይታይ ልጁ ጆሮ ላይ ያንሾካሹካል፤ ሉዊዝ ቀና ትላለች፤ አጠገቧ ያለችው ልጅ ታቅፋታለች። ጁሊም ትዘምራለች፤ ያን ጊዜ ቃሉ በጉሮሮዋ የቀረባት ጁሊ።

በሞልናር ተውኔት ይህ የምረቃ ትዕይንት የለም። እዚያ ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ይበድላል፤ ሳይሳካለት ይሄዳል፤ ተስፋ የለም። ሀመርስታይን መጨረሻውን የለወጠው በዚህ ዘፈን ነው። ናዚን ሸሽቶ ኒው ዮርክ የገባው ሞልናር ልምምዱ ላይ ተገኝቶ ለውጡን በደስታ ተቀብሎታል። የመጀመሪያው ዝማሬ አንዲት ሴት ለሌላዋ ያደረሰችው ነው፤ ሁለተኛው የመንደሩ ሁሉ ነው። ተመልካቹ ዜማውን ከኔቲ ተምሮታል፤ መንደሩ ሲያነሣው በልቡ አብሮ ያነሣዋል። ለእኔ የአንፊልድ ትሪቡን የተፀነሰው እዚህ ላይ ነው።

"ካሩሰል" በመጀመሪያው ዙር 890 ጊዜ ታየ። ሮጀርስ እስከ መጨረሻ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህን እንደነበር ጽፏል። በ1956 ፊልም ሆነ፤ ፊልሙም ሊቨርፑል ደረሰ።

ጄሪ ማርስደን በ1942 ሊቨርፑል ውስጥ የተወለደ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሲኒማ ቤት የገባው የሎሬልና የሃርዲን ኮሜዲ ለማየት እንደነበር ብዙ ጊዜ ተናግሯል፤ በዚያ ዘመን በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ስለሚታይ ተቀምጦ "ካሩሰል"ን አየ። ዘፈኑ ያዘው። "ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ" የተባለውን ባንድ ሲያቋቁም ሮክ እየተጫወተ በመካከሉ ይህን ያስገባ ነበር። ባንዱን የሚመራው የቢትልሶቹ ማናጀር ብራያን ኤፕስቲን ነው፤ ፕሮዲውሰሩም የቢትልሶቹ ጆርጅ ማርቲን። የባንዱ ሁለት ነጠላ ዜማዎች በተከታታይ አንደኛ ከወጡ በኋላ ማርስደን ሦስተኛው ይህ ይሁን አለ። ኤፕስቲንም ማርቲንም ማመንታታቸውን እሱ ራሱ ተርኳል፤ ወጣቱ በሚጨፍርበት ዘመን፣ የመዝሙር ያህል ዝግ ያለ የድሮ የቲያትር ዘፈን! ማርስደን አልተመለሰም። ማርቲን የቫዮሊን ጓድ ጨመረለት፤ በ1963 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥቶ አራት ሳምንት ቆየ።

የሊቨርፑል ተከላካይ የነበረው ቶሚ ስሚዝ እንደተረከው፣ ማርስደን ቀረጻውን ገና ከመውጣቱ በፊት ለአሰልጣኙ ቢል ሻንክሊ ሰጥቶት ነበር፤ ሻንክሊም ወደደው። ቢሆንም ዘፈኑን የክለቡ ያደረገው ማንም ኃላፊ አልነበረም። አንፊልድ ላይ ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ የሳምንቱ ምርጥ አሥር ዘፈኖች በድምፅ ማጉያ ይሰሙ ነበር። ኮፕ ያኔ ወንበር የሌለው፣ ወደ 28 ሺህ ሰው ቆሞ የሚታጨቅበት ዳገት ነው። ሰዓታት ቀደም ብሎ የገባ ሕዝብ ምን ያደርጋል? አብሮ ይዘፍናል። አንደኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ቡድኑ ሜዳ ከመግባቱ በፊት በጆሮ የሚቀረው እሱ ነው። ዘፈኑ ከሰንጠረዡ ሲወርድ ሕዝቡ አላወረደውም። በ1965 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑል ሊድስን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ዌምብሌይ ላይ ተዘመረ፤ ኮሜንታተሩ ኬኔዝ ዎልስተንሆልም የሊቨርፑል መለያ ዜማ ብሎ ጠራው።

ኮፕ የሚለው ስም ራሱ ከሐዘን የመጣ ነው። ስፒዮን ኮፕ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ ተራራ ነው፤ በጃንዋሪ 1900 በቦር ጦርነት ከላንካሻየርና ከሊቨርፑል አካባቢ የዘመቱ ብዙ ወታደሮች እዚያ አልቀዋል። ትሪቡኑ ሲሠራ በስማቸው መታሰቢያ ተሰየመ።

ሌሎችም የቲያትር ዘፈኖች አሉ፤ ይልቅ የሚጨፈርባቸው፣ ይልቅ ጆሮ ላይ የሚጣበቁ። በ2016 የደርሃም ዩኒቨርሲቲዋ ኬሊ ጃኩቦውስኪና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት፣ ሳይፈልጉት አእምሮ ውስጥ ስለሚመላለስ ዜማ 3,000 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። እንዲህ የሚጣበቁት ዜማዎች ፈጠን ያሉ፣ አወጣጥና አወራረዳቸው የተለመደ፣ ግን መሐል ላይ ያልተጠበቀ ዝላይ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚያው ከሮጀርስና ከሀመርስታይን "ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ" ውስጥ ማርያ ለልጆቹ የሙዚቃን ፊደል የምታስተምርበት ዘፈን ፈጣንና ለልጅ እንኳ የሚያዝ ስለሆነ የዚህ ዓይነት ይመስለኛል። የጁሊና የኔቲ ዘፈን ግን አዝጋሚ ነው። በዚህ መለኪያ ሊረሳ ይገባው ነበር።

ዝግታው ግን ሌላ ነገር ሰጠው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ጎል ጀርባ ያለው ሰው የሚዘፍነው ሌላው ጎል ጀርባ ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ፈጣን ዘፈን በዚህ ርቀት ይበታተናል፤ እዚህ አንድ ቃል ሲባል እዚያ ሌላ ቃል ይሆናል። ረጅም ኖታ ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ዘፈን ግን መዘግየቱን ይውጠዋል። ዘፋኝ ያልሆኑ አርባና ሃምሳ ሺህ ሰዎች ያለ መሪ አብረው ሊሄዱበት ይችላሉ።

አብሮ መሄዱ ደግሞ አካል ውስጥ ይገባል። በ2013 የስዊድኑ የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለኩ፤ ቀስ ያለ መዝሙር ሲዘምሩ አተነፋፈሳቸው አንድ ስለሚሆን የልብ ምታቸውም አብሮ ከፍና ዝቅ ይል ጀመር። በ2015 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሮቢን ደንባርና ኤይሉነድ ፒርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለሰባት ወር የጎልማሶችን ትምህርት ተከታተሉ፤ ከፊሉ ዘፈን፣ ከፊሉ የእጅ ሥራ፣ ከፊሉ የጽሑፍ ክፍል ነው። በመጨረሻ ሁሉም ተቀራርበዋል። የዘፈኑ ክፍል ሰዎች ግን ቶሎ ተቀራረቡ። የማይተዋወቁ ሰዎችን ለማቀራረብ ዘፈን አጭር መንገድ ይመስላል።

በ1985 ሜይ 11 በብራድፎርድ ስታዲየም እሳት ተነሥቶ 56 ሰዎች ሲሞቱ ማርስደን ዘፋኞችን ሰብስቦ ለተጎጂዎች መርጃ ዘፈኑን እንደገና ቀረጸ፤ እሱም እንደገና አንደኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ሐዘኑ ሊቨርፑል ራሷ ላይ ወደቀ። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ በሚገኘው ሂልስቦሮ ስታዲየም፣ ሊቨርፑል ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር በሚጫወትበት የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ ደጋፊዎች በአጥር መካከል ተጨፍልቀው ሞቱ። ከዓመታት በኋላ በጉዳታቸው የሞቱትን ጨምሮ ቁጥሩ 97 ነው።

በማግስቱ በሊቨርፑል የካቶሊክ ካቴድራል የፍትሐት ሥርዓት ተደረገ። ሕዝቡ ሞልቶ ውጭ ቆሟል። የመዘምራን ቡድን ልጅ ብቻውን ቆሞ ዘፈኑን አነሣው። ሃምሳ ሺህ ሰው የሚያነሣው ዜማ ወደ አንድ ድምፅ ተመለሰ፤ ማጀስቲክ ቲያትር ውስጥ እንደተወለደው። ያን ዕለት ከተማዋ ጁሊ ነበረች።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ኤፕሪል 19 ነው፤ ዘፈኑ ማጀስቲክ ላይ ከተሰማ ልክ 44 ዓመት። ሚላን ውስጥ ሳን ሲሮ ስታዲየም ኤሲ ሚላንና ሪያል ማድሪድ የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ይጫወታሉ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ለሂልስቦሮ ሟቾች የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ አስቆመው። በጸጥታው መሐል የሚላን ደጋፊዎች ዘፈኑን ጀመሩ፤ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ፣ ለሌላ ክለብ ሟቾች። ሐዘንተኛው መጨረስ ሲያቅተው ጎረቤት ተቀበለው።

ሟቾቹን ጥፋተኛ ያደረገ ውሸት ለዓመታት ተነዛ፤ ቤተሰቦቻቸው 27 ዓመት ታገሉ። በኤፕሪል 26 ቀን 2016 የምርመራ ችሎቱ ሰዎቹ የሞቱት በሕገወጥ መንገድ ተገድለው እንደሆነ፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንዳልነበራቸው ወሰነ። እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች ከችሎቱ ሲወጡ ዋሪንግተን ላይ ደጃፉ ቆመው ዘፈኑን ዘመሩ። ብዙዎቹ አርጅተዋል።

እኛ አገር ብዙ ሰው ይህን ዘፈን ከኢስታንቡል ጋር ያስታውሰዋል። ሜይ 25 ቀን 2005፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፤ ሊቨርፑል በሚላን 3 ለ 0 እየተመራ ለእረፍት ወጣ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች በዚያች የእረፍት ሰዓት ዘመሩ። ከእረፍት መልስ 3 ለ 3 ሆነ፤ በፍጹም ቅጣት ምት ሊቨርፑል ዋንጫውን ወሰደ። ዘፈኑ ጎል አስቆጠረ ማለት አልችልም። ነገር ግን የዘመሩት ተስፋ ስላላቸው አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ዘፈኑ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነቷ ሰዓት ነው።

በ2020 ጸደይ ስታዲየሞች ባዶ ሆኑ። በኮቪድ ምክንያት ሰው በየቤቱ ተዘግቷል፤ አብሮ መዘመር ራሱ አደገኛ ነው። ቶም ሙር የተባሉ የ99 ዓመት አዛውንት፣ በበርማ የዘመቱ የጦር ሠራዊት ሻምበል፣ 100 ዓመት ሳይሞላቸው የግቢያቸውን አትክልት ስፍራ በምርኩዝ 100 ጊዜ ተመላልሰው ለጤና ባለሙያዎች ገንዘብ ላሰባስብ ብለው ተነሡ። አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር ያሰቡት፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከዚያም ከመድረክ ሙዚቃዊ ተውኔቶች የሚታወቀው ዘፋኝ ማይክል ቦልና የጤና ሠራተኞች መዘምራን ይህን ዘፈን ሲቀርጹ ሻምበሉ ቃሉን በንግግር አሉት። ዜማውን ኳየሩ ያዘው። ዘፈኑ ማጀስቲክ ላይ ሲሰማ እኚህ ሰው የ24 ዓመት መኮንን ነበሩ።

በዚያ ሳምንት በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛነቱን የሚፎካከራቸው ዘፈን "ብላይንዲንግ ላይትስ" ነበር፤ ባለቤቱ ካናዳ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ። አቤል ለእንግሊዝ አድማጮቹ መልእክት ጻፈ፤ የእኔን ትታችሁ የሻምበል ቶምን ደግፉ፣ ለ100ኛ ልደታቸው አንደኛ ይሁኑ አላቸው። ኤፕሪል 24 ሰንጠረዡ ሲወጣ ዘፈኑ አንደኛ ነበር። ሻምበሉ በእንግሊዝ የሰንጠረዥ ታሪክ አንደኛ ከወጡት ሁሉ በዕድሜ የገፉት ሆኑ፤ የአቤል ዘፈንም ከእሳቸው ሥር ተቀመጠ።